ፈጥነው የሚርገበገቡ ኮከቦችን ሞዴል እንዴት እንሠራለን?

ሞንታርቦ የጫነ የማስታወቂያ መኪና አደባባይ ሲዞር አስቡ። የሚለቀው ድምፅ አልተቀየረም፤ ሞንታርቦው ወደ እናንተ ሲዞር ይጎላል፣ ጀርባውን ሲሰጥ ይደክማል። እኔን እነዚህ ኮከቦች የገቡኝ ኮምቦልቻ ቆሜ ይህን ስሰማ ነው።

ዶናልድ ከርትዝ በ1978 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው እነዚህ ኮከቦች ገጻቸው ላይ እንደ ዩሮፒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ተከማችተውባቸዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ይርገበገባሉ፤ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ ይላል። የሚርገበገቡት ግን በሚዞሩበት ዘንግ ሳይሆን በተጋደመው የማግኔት ዘንጋቸው ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ የኮከቦችን ብርሃን የሚለካውን የናሳ ቴስ ሳተላይት ዳታ አውርዱ። ነፃ ነው፤ እኔ ደሴ ቤቴ ሆኜ በስልክ ኢንተርኔት አውርጄዋለሁ። በየ2 ደቂቃው የተለካውን ውሰዱ። የ30 ደቂቃው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለጀማሪ ደግሞ በጣም ያሳስታል። ለልምምድ ኤችአር 3831 የተባለው ኮከብ ጥሩ ነው፦ በ11.67 ደቂቃ ይርገበገባል፣ በ2.85 ቀን አንዴ ይዞራል።

ዳታውን ከማጽዳታችሁ በፊት ቀርፋፋውን የብርሃን ለውጥ ተመልከቱ፤ የመዞሪያ ጊዜው ያለው እዚያ ነው። ከዚያ እሱን አጽዱና ፉሪየር ሥሩ፤ በዳታው ውስጥ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች ነጥሎ የሚያሳይ ስሌት ነው። በቀን 123.4 ርግብግብ አካባቢ መሃል ላይ አንድ ጫፍ፣ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ይታያሉ። ጎረቤቶቹ የመጡት ከመዞሩ ነው፤ ልክ እንደ ሞንታርቦው።

አሁን ከባዱ መጣ። የፓይተን ፕሮግራማችሁ ሦስቱንም ፍሪኩዌንሲ እንደፈለገ እንዲያስተካክል አትልቀቁት። የመሃሉን ብቻ ፈልጉ፤ ጎረቤቶቹን የመዞሪያውን ፍሪኩዌንሲ በመደመርና በመቀነስ ራሳችሁ አስሩ። ቀጥሎ የጊዜውን ዜሮ፣ ማለትም ጊዜ መቁጠር የምትጀምሩበትን ቅጽበት፣ ምረጡ። እኔ የፋይሉን የመጀመሪያ ደቂቃ ዜሮ አድርጌ ፌዞቹ (እያንዳንዱ ሞገድ በዜሮው ሰዓት ዑደቱ ላይ የት እንደደረሰ የሚያሳዩት ማዕዘኖች) ሁሉ ተበታተኑብኝ። ሞዴሉ አይሠራም ብዬ ሁለት ወር ተውኩት። ችግሩ ሞዴሉ አልነበረም፤ ዜሮው ሲንቀሳቀስ የግራውና የቀኙ ፌዝ እርስ በርስ ይራራቃል። ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤቶች እኩል ፌዝ እስኪኖራቸው ድረስ ዜሮውን አንቀሳቅሱ። ያኔ የመሃሉም ከነሱ ጋር ከገጠመ ንጹሕ ዳይፖል (አንዱ ዋልታ ሲደምቅ ሌላው የሚደበዝዝበት ርግብግብ) ይዛችኋል። የሁለቱን ጎረቤቶች ከፍታ ደምራችሁ ለመሃሉ ከፍታ አካፍሉ፤ የሁለት ማዕዘኖች ታንጀንት ብዜት ታገኛላችሁ። አንደኛው የመዞሪያ ዘንጉ ከእኛ እይታ ጋር የሚሠራው ነው፣ ሌላው ማግኔቱ ከመዞሪያ ዘንጉ ያዘነበለበት።

የኤችአር 3831 ፌዞች ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። አትደንግጡ፤ ማግኔቱ ርግብግቡን ስለሚያጣምመው ነው። ፌዙን በመዞሪያው ጊዜ ላይ ስታስቀምጡት ግን ኮከቡ አንዴ ሲዞር ሁለቴ በግማሽ ዑደት ሲገለበጥ ማየት አለባችሁ፤ አንዱ ዋልታ ሲሸሸግ ሌላው ብቅ ይላልና። ካልተገለበጠ የመሃሉን ፍሪኩዌንሲና የመዞሪያ ጊዜውን እንደገና መርምሩ።