የቮልስ ማርሽ ሲላላ፦ ካምቢዮውን ከማስወረዳችሁ በፊት ቡሺንጉን እዩ

የማርሽ እጀታው ባዶ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሁለተኛ ስትፈልጉ አራተኛ ይገባል፤ የኋላ ማርሽማ ሲፈልግ ይገኛል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። መኪናው ሲሄድ ከወለሉ ስር የብረት ኳኳታ ይሰማል፣ እጃችሁን እጀታው ላይ ስታሳርፉ ደግሞ ጸጥ ይላል። ይህን የመጨረሻውን ምልክት ልብ በሉት። ድምፁን በእጃችሁ ማቆም ከቻላችሁ፣ የሚንኳኳው እጀታው የያዘው ነገር እንጂ የካምቢዮው ጥርስ አይደለም።

የቮልስ ሞተርም ካምቢዮም ከኋላ ነው። እጀታው ግን ከፊት ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው በወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉን በቦታው የሚይዘው እዚያው ውስጥ በተበየደ ማቀፊያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የፕላስቲክ ቡሺንግ፣ ማለትም ዘንጉ በውስጡ የሚመላለስበት ቀለበት ነው። ግራሶው ሲደርቅ ፕላስቲኩ ይበላል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ተሰባብሮ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ዝም ከተባለ ዘንጉ ራሱ ይበላል፤ ያኔ አዲስ ቡሺንግ ብቻውን አያድነውም።

ሁሉም የማርሽ ችግር ግን የቡሺንግ አይደለም። ማርሹ ቦታውን ሳይስት ሲገባ የሚንጫረር ከሆነ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን እዩ። ፔዳሉ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ባዶ መውረድ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ገመዱ መጥበቅ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. የ1960 ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠራ ቮልስ ከሆነ ደግሞ አንደኛ ማርሹ ሲንክሮናይዘር (ጥርሶቹ ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ክፍል) ስለሌለው፣ መኪናው እየተንቀሳቀሰ አንደኛ ሲገባ መንጫረሩ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ወይም እግራችሁን ስታነሱ ማርሹ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮውን የያዙትን የላስቲክ መደገፊያዎች መርምሩ። እነሱ ደህና ከሆኑ ነገሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ከቡሺንጉ ጋር በብዛት የሚምታታው ዘንጉን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው፣ ከኋላ ያለው መጋጠሚያ ነው። የኋላውን መቀመጫ አንሱና በዋሻው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፍቱ። አንድ ሰው እጀታውን ሲያንቀሳቅስ እናንተ ተመልከቱ። ዘንጉ ዞሮ መጋጠሚያው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ያለቀው መጋጠሚያው ነው። ዘንጉ ከመዞር ይልቅ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዘል ከሆነ ግን ቡሺንጉ ሄዷል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ያረጃሉ፤ እኔ አንዴ ከከፈትኩ ሁለቱንም መቀየር ነው የምመርጠው።

ወደ ሥራው። ባትሪው እዚያው የኋላ መቀመጫ ስር ስለሆነ ከሁሉ በፊት የኔጋቲቩን ገመድ ንቀሉ። የነዳጅ ቱቦውም በዚያው ዋሻ ውስጥ ስለሚያልፍ በዚህ ሥራ መሰርሰሪያም እሳትም ቦታ የላቸውም። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ የእጀታውን ሁለት ብሎኖች ፍቱና ንቀሉት። ከስሩ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት የኋላ ማርሽ በስህተት እንዳይገባ የምትከለክለው ናት። ያበጠ ጠርዟ በየት በኩል እንደነበረ ሳታንቀሳቅሷት ፎቶ አንሱ፤ ተገልብጣ ከገባች ማርሽ ፍለጋው እንደገና ይጀምራል።

ከኋላ ዘንጉን ከመጋጠሚያው አላቁት። ብሎኑ እንዳይላላ በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ስትመልሱም አዲስ ሽቦ እሰሩ። ይህን የሚዘልሉ ሰዎች አሉ። ያ ብሎን መንገድ ላይ ከወጣ ግን አንድም ማርሽ አይገባላችሁም። ከዚያ ከፊት ያሉትን ክዳኖች ክፈቱና ዘንጉን ቡሺንጉን እስኪለቅ ወደ ፊት ግፉት።

አሁን በእጀታው ቀዳዳ እጃችሁን አስገቡ። አሮጌውን ስባሪ ልቀሙ፤ ዋሻው ወለል ላይ የወደቀውንም አትተዉ። ማቀፊያውን በጨርቅ አጽዱ። ቡሺንጉን የሚይዘውን የሽቦ ቀለበት አዲሱ ቡሺንግ ላይ አድርጉና ወደ ማቀፊያው ግፉት። እምቢ ካለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ ይለሰልሳል፤ በመዶሻ ግን አትምቱት። ገብቶ ሲቀመጥ በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ፦ በሁሉም በኩል እኩል ካልተቀመጠ ዘንጉ ሲመለስ ገፍቶ ይጥለዋል።

ዘንጉን ስትመልሱ ቡሺንጉ ውስጥ የሚመላለሰውን ክፍል በደንብ ግራሶ ቀቡት። ጫፉ ቡሺንጉን እንዳይቆርጠው ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ በሉ፤ አንድ ሰው ከፊት ሲገፋ ሌላው በቀዳዳው እየመራ ቢያስገባው ይቀላል።

ሁሉንም ከመለሳችሁ በኋላ ሞተር ሳታስነሱ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሽ ሞክሩ። የኋላ ማርሽ እጀታውን ወደ ታች ካልተጫናችሁ መግባት የለበትም። ሳትጫኑ ከገባ፣ ወይም ሁለተኛ ስትፈልጉ እሱ ከመጣ፣ የእጀታውን ብሎኖች ትንሽ አላልታችሁ ከስር ያለችውን ብረት በጥቂቱ ገፋ አድርጉና እንደገና አጥብቁ። ሁለተኛና የኋላ ማርሽ በየቦታቸው እስኪለዩ ድረስ መኪናውን ወደ መንገድ አታውጡት።