የመኪና ሪሞት እምቢ ሲል

ድሬዎች፣ የመኪናችሁ ሪሞት አልሠራ ካለ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ። ብዙዎቹ የሚይዙት ሳንቲም የምታክለዋን ባለ 3 ቮልት 2032 ነው። ቁጥሩ ባትሪው ላይ ስለተጻፈ ያንኑ ግዙ።

አሁንም ካልሠራ ቆሻሻ ጠርጥሩ። በእኛ ሙቀት እጅ ያልበዋል፣ አቧራውም አይጣል ነው፤ ሁለቱ ተጋግረው ከመጫኛው ጎማ ሥር ይገባሉ። ባትሪውን አውጡና ውስጡን በአልኮል በራሰ ጥጥ በቀስታ ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ። ቤንዚን ግን በፍጹም! ጎማውን ያበላሸዋል። ባትሪውን የሚይዙት ብረቶች ከላሉም ትንሽ ቀና አድርጓቸው።

አደራ፣ ስትከፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። አንዳንዱ ቁልፍ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ቺፕ አለች፤ እሷ ከጠፋች ሞተሩ አይነሳም። ከጨረሳችሁ በኋላ ሪሞቱን ፀሐይ የሚመታው ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት።