ለቤተሰብ ጉዞ መጽሐፍ ስልክ ላይ ስትጭኑ

የመጽሐፉ ሽፋን መተግበሪያው ውስጥ ስለታየ ብቻ መጽሐፉ ስልካችሁ ላይ አለ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ የሚመጣው ሲከፈት፣ ያውም ኢንተርኔት ካለ ነው። ስለዚህ በዋዜማው በዋይፋይ አውርዱና ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን መጽሐፍ ክፈቱ፤ መሃሉንም ፈትሹ፣ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ አያስተማምንም። የቅዱሳት መጻሕፍትና የጸሎት መተግበሪያ ላይ ይህ ይብሳል፦ ጽሑፉ ወርዶም ድምፁ ለብቻው መውረድ ሊፈልግ ይችላል። የድምፅ ንባብ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ጥራት በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ የ10 ሰዓቱ 300 ሜጋባይት አይሞላም።

ምርጫ ካላችሁ ለስልክ ከፒዲኤፍ ይልቅ ኢፐብ (EPUB የሚባለውን የመጽሐፍ ፋይል ዓይነት) ውሰዱ። ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል፤ ፒዲኤፍ ግን ገጹ እንዳለ ስለሚሰፋ ግራና ቀኝ መጎተት ነው፣ ልጆች ደግሞ ቶሎ ይሰለቻሉ። በቆየ የአማርኛ ፋይል ላይ በፊደል ፈንታ ዝብርቅርቅ ምልክት ከመጣ ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ ከዩኒኮድ (ዛሬ መሣሪያዎች ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት፤ እዚህ ላይ ፒዲኤፍ ይሻላል።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ፓወር ባንኩን ከእጅ ሻንጣ ውጭ አታድርጉት። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ብቻ ነው።