ከአሜሪካ ሆኖ ለብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክት ተማሪ፦ የፉክክሩን ክብደት እንዴት መመዘን ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ኦክስፎርድን ሲያስብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ከመቶ አመልካች ስንቱ እንደሚገባ ነው። ኦክስፎርድ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሚያመለክቱ ከ20,000 በላይ ተማሪዎች በዓመት ከ3,000 በላይ ስለሚቀበል፣ ከመቶ አራት ገደማ ብቻ ከሚቀበለው ከሃርቫርድ ጋር ሲነጻጸር በሩ ሰፊ ይመስላል። ይህ ግን ያሳስታል፤ ዩካስ በተባለው የብሪታኒያ የጋራ ማመልከቻ አንድ ተማሪ በዓመት ከአምስት በላይ ምርጫ ማስገባት አይችልም፣ ለኦክስፎርድ ያመለከተም በዚያው ዓመት ለካምብሪጅ ማመልከት አይፈቀድለትም። ስለዚህ እስቲ ዕድሌን ልሞክር ብሎ የሚገባው ጥቂት ነው።

ከመቶኛው ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የትምህርት ክፍሉ መስፈርት ነው። ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ የሃይስኩል ዲፕሎማና ጂፒኤ ብቻቸውን አይበቁም፤ የኤፒ ፈተና ውጤት ይጠየቃል (ኤፒ በአሜሪካ ሃይስኩል የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ሲሆን ከፍተኛው ውጤት 5 ነው)። ለምሳሌ በአራት ኤፒ 5 ያገኘች ተማሪ፣ ትምህርት ክፍሉ የሚፈልጋቸው የትምህርት ዓይነቶች ከተካተቱ፣ የኦክስፎርድን መነሻ መስፈርት ታሟላለች፤ ካምብሪጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስለሚፈልግ በዚያው ውጤት አንድ ይጎድላታል። እዚህ ላይ ካልኩለስ ኤቢና ካልኩለስ ቢሲ የተባሉት የሂሳብ ኤፒዎች እንደ ሁለት እንደማይቆጠሩ ልብ ይሏል።

በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ለኢኮኖሚክስና ማኔጅመንት የሚደረገው ሽሚያ ለጥንታዊ ግሪክና ላቲን ጥናት ከሚደረገው እጅግ ይበረታል። ተማሪው ገና ሲያመለክት የሚያጠናውን ትምህርት ስለሚመርጥ፣ መምህራኑ የሚመዝኑት በዚያ ትምህርት ምን ያህል እንዳነበበና እንዳሰበ ነው። የቡድን አምበልነትና የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻ ያደምቃሉ፤ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ግን ከትምህርቱ ጋር ካልተያያዙ እምብዛም አይረዱም። በብዙ የትምህርት ክፍሎች የመግቢያ ፈተና አለ፤ የኦክስፎርድ ቃለ መጠይቅ ደግሞ በታኅሣሥ አካባቢ በኢንተርኔት ይካሄዳል።

ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችና ለሕክምና የማመልከቻው ማብቂያ እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 በመሆኑ፣ ዝግጅቱ ከ11ኛ ክፍል መጀመር አለበት። በ12ኛ ክፍል ሜይ ላይ የሚወሰዱ ኤፒዎች ካሉ የሚሰጠው ቅበላ ቅድመ ሁኔታ ያለው ይሆናል፤ የተጠየቀው ነጥብ ጁላይ ላይ ካልመጣ ቦታው ሊታጣ ይችላል። አምስቱንም ምርጫ በከባዶቹ መሙላት ስለዚህ አይመከርም፤ ብዙ አሜሪካውያን የሚማሩበት የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ፣ ዲግሪው አራት ዓመት የሚፈጅና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሎች ትምህርቶችን መሞከር የሚፈቅድ በመሆኑ፣ ምርጫው ላልጠራለት ልጅ ይስማማዋል።

ወላጆች ከማመልከቻው በፊት ክፍያውን ማስላት አለባቸው። አሜሪካ ለሚኖር ተማሪ በመደበኛው የሚጠየቀው ከፍ ያለው የውጭ ተማሪ ክፍያ ነው፤ የፌዴራል የተማሪ ብድር በብዙ የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራል፣ ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ ግን አይሠራም።