አሜሪካ ቤት ሲገዙ በኢዝመንት ጉዳይ የሚሠሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚገዛ ወገናችን ስለ ወለዱና ስለ ሰፈሩ ትምህርት ቤት አጥብቆ ይጠይቃል። በግቢው ላይ ሌላ ሰው መብት ይኖረው እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኢዝመንት በሌላ ሰው መሬት ለተወሰነ ጉዳይ የመጠቀም መብት ነው፤ የመብራት ኩባንያ ሽቦ ይዘረጋበታል፣ ጎረቤት በእርስዎ ድራይቭዌይ (የመኪና መግቢያ) አልፎ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ሲሸጥ መብቱ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይተላለፋል።

ትልቁ ስህተት የታይትል (የባለቤትነት) ሰነዱን ሳያነቡ መፈረም ነው። ከክሎዚንግ (ግዢው ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት የባለቤትነቱን መዝገብ የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ በሚልከው ሰነድ ውስጥ «ሼጁል ቢ» የሚባል ክፍል አለ። የታይትል ኢንሹራንሱ የማይሸፍናቸው ነገሮች የሚዘረዘሩት እዚያ ነው። «በኋለኛው ወሰን 10 ጫማ ለዩቲሊቲ» (ለመብራት፣ ለውሃ እና ለመሳሰለው መስመር) የሚል አንድ መስመርና የካውንቲ መዝገብ ቁጥር ብቻ ስለሚታይ ሰው ያልፈዋል። ለእናትዎ አንድ ክፍል ከጓሮ ለመጨመር አስበው ከሆነ ግን ዕቅድዎን የምትወስነው ያቺ መስመር ናት። እያንዳንዱ የተጠቀሰ ሰነድ ሙሉ ቅጂው እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ቀያሹም ኢዝመንቱን በፕላኑ ላይ ያሳይልዎት። ይህን ሁሉ ከውሉ ያለ ቅጣት መውጣት በሚችሉበት ጊዜ ውስጥ ይጨርሱ።

ሁለተኛው፣ «ግብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ» ብሎ መብቱ ባለበት ቦታ ላይ መሥራት። መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ሣር ሊተክሉበት፣ ልጆች ሊጫወቱበት ይችላሉ። የባለመብቱን ሥራ የሚያግድ ሼድ ወይም አጥር ግን ሊፈርስ ይችላል፣ ወጪውም በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመቆፈርዎ በፊት 811 ይደውሉ፤ ከመሬት በታች ያለውን መስመር በነፃ ምልክት ያደርጉልዎታል። በሌላ በኩል ባለመብቱም ከተሰጠው በላይ መሄድ የለበትም፤ በመንገድ የማለፍ መብት ብቻውን መኪና የማቆም መብት አይሆንም።

ሦስተኛው የእኛን ሰው በተለይ ይጎዳዋል፤ ይሉኝታ ነው። ጎረቤት ሳይጠይቅ በግቢዎ ሲመላለስ «ምን ይለኛል» ብለው ዝም ይላሉ። ያለፈቃድ፣ በግልጽና ሳያቋርጥ የተጠቀመ ሰው ከጊዜ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ መብት ሊያገኝ ይችላል፤ ጊዜው በካሊፎርኒያ 5 ዓመት፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ 20 ዓመት ነው። መጣላት አያስፈልግም። «እንዲያልፉ ፈቅጃለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ጽፈው ይስጡትና ቅጂውን ያስቀምጡ፤ በፈቃድ የሚጠቀም ሰው በዚህ መንገድ ባለመብት አይሆንም።

የዚሁ ተቃራኒ በቃል ፈቃድ መተማመን ነው። ጎረቤትዎ ደግ ሰው ቢሆንም የቃል ፈቃዱን መሰረዝ ይችላል፤ ቤቱን ሲሸጥም አዲሱ ገዢ አይገደድበትም። መግቢያዎ በእሱ ግቢ ብቻ ከሆነ ውሉ ይጻፍ፣ ይፈረም፣ ኖተራይዝ ይደረግ (ፊርማው በኖተሪ ይረጋገጥ)፣ በካውንቲው መዝገብም ይግባ።

ለዓመታት ማንም አልተጠቀመበትም ተብሎ ኢዝመንት እንደ ቀረ አይቆጠር። አለመጠቀም ብቻውን በአብዛኛው መብቱን አያጠፋም፤ ባለመብቱ የፈረመበት የመተው ሰነድ ቢመዘገብ ይሻላል።

ድራይቭዌይ የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ አስፋልቱ ሲሰነጠቅና በረዶ ሲጥል ማን ምን ያህል እንደሚከፍል በጽሑፍ ይስማሙ።