የሃይላንዱን ቂጥ ገልብጣችሁ እዩ

ፕላስቲክ ላይ ያለችውን ባለሦስት ቀስት ምልክት ያየ ሁሉ «ይሄማ ተመልሶ ይሠራል» ይላል። አይደለም። ምልክቷ የምትናገረው ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው፤ ቁም ነገሩ መሃሏ ላይ ያለው ቁጥር ነው። 1 የውሃና የለስላሳ ሃይላንድ ነው፣ 2 አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ጀሪካን። እነዚህን ቆራሌው ደስ ብሎት ይወስዳል። 6 የተጻፈበትን ነጭ የምግብ መያዣ ግን ብታሳዩት ፊቱን ያዞራል።

ለእነ 1 የሚሆን ዘዴ ልንገራችሁ። ከማድ ቤቱ በር ጀርባ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ስቀሉ። ሃይላንዱን ረግጣችሁ አየሩን አስወጡና ክዳኑን ወዲያው መልሳችሁ ግጠሙ። አየር መመለሻ ስለሌለው እንደተጨፈለቀ ይቀራል፤ ጎንደር ላይ ክረምት ሲገባ ቦይ የሚደፍነው ያ ሁሉ ሃይላንድ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ይገባል። «ክዳኑ ሌላ ፕላስቲክ አይደለም ወይ?» ለምትሉ፣ ነው። ፋብሪካ ደርሶ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን የጠርሙሱ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል፤ በዚያው ይለያያሉ።

የቡና አተላና የድንች ልጣጭ እዚያ እንዳይገባ። ካረጠበው ይሸታል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እሱ ለጓሮው ጌሾ ሥር ነው።

ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ለብቻው አድርጉ። ለአረቄ ወይም ለኑግ ዘይት መያዣ የሚፈልግ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ንጹሑን አትርገጡበት፣ እንዳለ ስጡት።