ጌም ከኮምፒውተር ወደ አሮጌ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከተንቀጠቀጠ፦ ፍሬሙ የጠፋበትን ቦታ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ኮምፒውተሩ ላይ ያለ እንከን የሚሄድ ጌም ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ሲከፈት እየዘለለና እየተንቀጠቀጠ ያስቸግራል። ይህ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምስሉን ጥራት ይቀንሳል፤ አልሆን ሲለው ተጨማሪ ከፍሎ የኢንተርኔት ፍጥነቱን ያሳድጋል። ሁለተኛው እርምጃ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ከመኝታ ቤት ኮምፒውተር ወደ ሳሎን ቴሌቪዥን የሚሄደው ምስል ከራውተሩ አልፎ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከዳታ ጥቅልም አይቀነስም። ሙንላይትን በመሰለ ፕሮግራም ኢንተርኔት ጭራሽ በተቋረጠበት ምሽት እንኳ መጫወት ይቻላል።

የጌም እንቅስቃሴ በፍጥነት የሚፈራረቁ ምስሎች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። አንድ ፍሬም ከጌሙ ተነሥቶ ዓይናችን ጋ እስኪደርስ አምስት ቦታ ያልፋል። ጌሙ ይሥለዋል፤ ኮምፒውተሩ ለመላክ እንዲቀል ያምቀዋል፤ የቤቱ ኔትወርክ ያደርሰዋል፤ ቴሌቪዥኑ ወይም ከእሱ ጋር የተያያዘው ሳጥን (ቲቪ ቦክስ) የታመቀውን ይፈታዋል፤ በመጨረሻ ስክሪኑ ያሳየዋል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማየት ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ከአምስቱ አንዱ በዚህ ፍጥነት መሥራት ካቃተው፣ ሌሎቹ አራቱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆኑ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የዘገየው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ማስተካከያዎችን መነካካት ደግሞ ችግሩን ያወሳስበዋል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን የሚልከው ሰንሻይን፣ ቴሌቪዥኑ በኩል ተቀብሎ የሚያሳየው ሙንላይት ለተጫነበት ቤት ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ስቲም ሊንክ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰውም አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው፤ የቁልፎቹ ስም ብቻ ይለያያል። ጌምስትሪምን ክፈቱ የሚሉ የቆዩ መመሪያዎችን ግን ይተዉአቸው፤ የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ያንን ጌም የማስተላለፊያ አገልግሎት በ2023 አቋርጦታል።

1. ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙ

ሌላ ምንም ሳይነኩ ይህን ያድርጉ። ኮምፒውተሩም ቴሌቪዥኑም በዋይፋይ ሲሆኑ እያንዳንዱ ፍሬም በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ አንዴ ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ። በአንድ ቻናል ላይ ከሆኑ ተራ እየጠበቁ ስለሚያስተላልፉ የዋይፋዩ አቅም በግማሽ ይወርዳል። ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ ቢቀር እንኳ የኮምፒውተሩ በኬብል መገናኘት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

የአሮጌ ቴሌቪዥኖች የኬብል መሰኪያ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት አይበልጥም። ይህ አያሳስብዎ፤ ሙንላይት ለ1080 ምስል (ፉል ኤችዲ ለሚባለው) በ60 ፍሬም በራሱ የሚመርጠው 20 ሜጋቢት ነው። ኬብል መዘርጋት የማይቻል ከሆነ ቴሌቪዥኑን ከ5 ጊጋሄርዙ ዋይፋይ ጋር ያገናኙት። 2.4 ጊጋሄርዝ የጎረቤት ራውተሮች፣ የብሉቱዝ ዕቃዎችና ማይክሮዌቭ የሚሻሙበት መስመር ነው። 5 ጊጋሄርዝ በበኩሉ ወፍራም ግድግዳ አይወድም፤ በመካከል ሁለት ግድግዳ ካለ ራውተሩን ማንቀሳቀስ ሳያስፈልግ አይቀርም።

2. ቁጥሮቹን ያንብቡ

ቀሪውን ሥራ የሚወስነው ይህ ነው። በሙንላይት ማስተካከያ ውስጥ ጌሙ እየሄደ የአፈጻጸም መረጃ በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ያብሩት። ከዚያ ጌም ከፍተው ብዙ እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ይግቡ። በሜኑ ላይ ቆመው አይፍረዱ፤ ምስሉ ካልተለወጠ ሰንሻይን የሚልከውን ፍሬም ስለሚቀንስ ቁጥሩ ያለ ጥፋቱ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ከኔትወርኩ የሚደርሰው ፍሬም 40 ወይም 45 ሆኖ በመንገድ የጠፋው ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ኔትወርኩ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ፍሬሙ መጀመሪያውኑ አልተላከም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። እዚህ ላይ ሰዎች የሚከራከሩኝ “ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እኮ ጥሩ ይሄዳል” በማለት ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጌሙ የግራፊክስ ካርዱን አቅም ሙሉ በሙሉ ከወሰደው ምስሉን ለመቅዳትና ለማመቅ የሚተርፍ ነገር የለም። ጌሙን በራሱ ማስተካከያ ውስጥ በ60 ፍሬም ይገድቡት፤ ጥላና ነጸብራቅ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ መሰካቱን ያረጋግጡ፤ በባትሪ ሲሠራ አቅሙን ይቆጥባል።

በመንገድ የጠፋው ፍሬም ከፍ ካለ ወደ መጀመሪያው እርምጃ ይመለሱ።

የሚደርሰው 60፣ የጠፋውም ዜሮ ሆኖ የመፍቻው ጊዜ ከ16 ሚሊሰከንድ ካለፈ፣ ደካማው ቴሌቪዥኑ ወይም ሳጥኑ ነው። በዚህ ላይ ያለው አለመግባባት ብዙ ነው፤ “ፊልም ያለ ችግር የሚያሳይ ቴሌቪዥን እንዴት ጌም ያቅተዋል?” ይባላል። ፊልም ሲታይ መሣሪያው በርካታ ሰከንዶችን አስቀድሞ ስለሚያከማች ፍሬሞችን ቀድሞ ፈትቶ በወረፋ ለማስቀመጥ ጊዜ አለው። ጌም ግን ገና እየተሣለ ነው፤ ቀድሞ የሚከማች ነገር የለም። ስለዚህ የፊልም ጥራት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። እኔም ካርቶኑ ላይ “ፎርኬ” ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ሳጥን ገዝቼ ያገኘሁት 2.4 ጊጋሄርዝ ብቻ የሚቀበልና 1080 ጌም ለመፍታት የሚቸገር ዕቃ ነበር። ከመግዛትዎ በፊት ካርቶኑን ሳይሆን መሣሪያውን ከፍተው 5 ጊጋሄርዝ ማየት አለማየቱን ይፈትሹ።

ለደካማ ፈቺ መድኃኒቱ በቅደም ተከተል ይህ ነው። የማመቂያውን ዓይነት ከኤችኢቪሲ ወደ ኤች 264 ይለውጡ፤ ኤችኢቪሲ የጸደቀው በ2013 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ቺፖች አያውቁትም። አሁንም ካልበቃ ምስሉን ወደ 720 ያውርዱ። በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ከሶፋ ርቀት 720 በ60 ፍሬም ከ1080 በ30 እጅግ ይሻላል፤ በዚህ አልደራደርም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በቤት ውስጥ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ላፕቶፕ ካለ እሱን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ሙንላይቱን እዚያ ላይ መጫን ነው። ብዙ ያረጁ ላፕቶፖች ኤች 264ን ከርካሽ ሳጥን በተሻለ ፍጥነት ይፈታሉ።

3. ቁጥሩ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ምስሉ ከዘለለ

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ነው። ሙንላይት 60 ይላል፣ ዓይን ግን በየሰከንዱ መጎተት ያያል። ሳጥኑ ለቴሌቪዥኑ የሚልከው በስንት ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይመልከቱ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ እንደ አውሮፓ 50 ሄርዝ ነው፤ የቴሌቪዥን ሥርጭቱም በዚያው ልማድ ስለተዘረጋ ለዚህ ገበያ የተዘጋጁ አንዳንድ ሳጥኖች በ50 ሄርዝ ተስተካክለው ሊገኙ ይችላሉ። 60 ፍሬም ወደ 50 ቦታ ሲገባ በየሰከንዱ 10 ፍሬም ይጣላል፤ የሙንላይት ቁጥር ይህን ላያሳይ ይችላል። በሳጥኑ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥ 1080 በ60 ሄርዝ የሚለውን በእጅ ይምረጡ፤ “በራሱ ይምረጥ” የሚለውን አይመኑት። ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም በ60 ስለሚነሣ ይህ ችግር አይገጥመውም።

ቀደምት ፎርኬ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬን የሚቀበለው እስከ 30 ሄርዝ ብቻ ነው። ሳጥኑ ትልቁን ምስል ልላክ ብሎ ፎርኬ በ30 ከመረጠ ግማሹ ፍሬም ይቀራል። እዚህም መልሱ 1080 በ60 ነው።

በቴሌቪዥኑ የምስል ማስተካከያ ውስጥ እንቅስቃሴን አለስልሳለሁ የሚለውን ያጥፉ፤ የጌም ምርጫ ካለ ያብሩ። ፍሬም አይጨምርም፤ ቁልፍ ተጭነው ገጸ ባሕሪው እስኪንቀሳቀስ ያለውን መዘግየት ግን ይቀንሳል። የጌም ምርጫ በሌላቸው አንዳንድ ቴሌቪዥኖች የኤችዲኤምአዩን መግቢያ “ፒሲ” ብሎ መሰየም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

4. የምስሉን ጥራት መልሰው ያሳድጉ

ፍሬሙ 60 ላይ ከረጋ በኋላ የምስሉን መጠን ሳይነኩ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) ከ10 ሜጋቢት ይጀምሩና በአምስት አምስት ከፍ ያድርጉ። በእያንዳንዱ ደረጃ እንቅስቃሴ የበዛበት ቦታ ጥቂት ደቂቃ ይጫወቱ። በመንገድ የሚጠፋ ፍሬም መታየት ሲጀምር ወይም የመፍቻው ጊዜ ወደ 16 ሲጠጋ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመልሱና እዚያው ይተዉት።